ከመቃብር በላይ ምን ይውላል?

በመታሰቢያ ኮንሰርት መክፈቻ ላይ ማይክሮፎን የጨበጠ ሰው ሁሉ የማያልፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ሟቹ በሥራው ሕያው ነው የምትለው። የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ የቻርልስ አይቭስ 150ኛ የልደት ዓመት እ.ኤ.አ. በ2024 ሲከበር፣ እዚህ በምኖርበት በኮኔቲከት በተገኘሁባቸው ዝግጅቶች ይህችኑ ሰማሁ። ዘፈኖቹንና የቻምበር ሙዚቃውን የሚያቀርቡት ሙዚቀኞች በጎን በር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ተናጋሪው እጁን ወደ ፒያኖው ዘርግቶ አይቭስ ዛሬም ከእኛ ጋር አለ ይላል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል።

እኛም ጋ ይህችው ሐሳብ አለች። ከመቃብር በላይ ስም ይውላል እንላለን። እናቴ አዲስ አበባ ላይ ባረፈች ጊዜ እኔ እዚህ ነበርኩ፤ በስልክ ያጽናኑኝ ዘመዶቼ ሁሉም ለማለት ይቻላል ይህንኑ ነገሩኝ። ስሟ ከመቃብር በላይ ነው፣ ደግነቷ አይረሳም፣ እናንተን ተክታ ነው የሄደችው አሉ። ከፍቅር የወጣ ቃል ነውና አመስግኜ ተቀበልኩ። የናፈቀኝ ግን ስሟ አልነበረም፤ እሷ ነበረች።

ስለዚህ ከዚህ አባባል ጋር ጠብ አለኝ። በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው ያደግኩት፤ የተማርኩት ተስፋ የሰው ትንሣኤ ነው፤ የስም ወይም የሥራ ትንሣኤ ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው የጻፈው ሶናታ ዛሬ ማታ በጥሩ ቫዮሊን ስለተነካ ሰውየው ኖረ ማለት ለሞት በጣም ትንሽ ዋጋ መስጠት ነው። ሶናታው ኖረ፤ ሰውየው ግን ሞቷል። ይህን ካመንን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ታዲያ ለሞተ ሰው ኮንሰርት የምናዘጋጀው ለማን ብለን ነው? እሱ አይሰማም። ምስጋናውም አይደርሰውም። እኔ መልሱን የፈለግኩት በአይቭስ በራሱ ሙዚቃ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ሙዚቃ በጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ የሞቱ ሰዎችን መዝሙር ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው።

ስለ ሕይወቱ ጥቂት ልበል። አይቭስ የተወለደው ኦክቶበር 20 ቀን 1874 ዳንበሪ በምትባል የኮኔቲከት ከተማ ነው። አባቱ ጆርጅ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሰሜኑ ጦር የማርሽ ባንድ መሪ የነበረ ሙዚቀኛ ነው። ልጆቹን አንድ ዜማ በአንድ ቁልፍ ያዘምራቸውና እሱ በሌላ ቁልፍ ያጅባቸው ነበር፤ ጆሯቸው እንዲጠነክር ብሎ። ቻርልስ በ14 ዓመቱ ደመወዝ የሚከፈለው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆነ። በ1894 መጸው ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በዚያው ኖቬምበር አባቱ ድንገት ሞተ። የልጁን ዋና ዋና ሥራዎች አንዱንም አልሰማም። ቻርልስ ከተመረቀ በኋላ ኒውዮርክ ገብቶ በሕይወት ኢንሹራንስ ሥራ ተቀጠረ፤ በ1902 የኦርጋን ሥራውን ተወ፤ ቆይቶ ከሸሪኩ ከማይሪክ ጋር ትልቅ የኢንሹራንስ ድርጅት አቋቋመ። ሙዚቃውን የሚጽፈው ማታ ማታና በዕረፍት ቀናት ነበር። የሚያዳምጠው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1918 ልቡን ክፉኛ ታመመ፤ ከበሽታው ሲያገግም በ1922 ዘፈኖቹን ሰብስቦ፣ 114ቱንም፣ በራሱ ገንዘብ አሳተማቸውና ለፈለገ ሁሉ በነጻ ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ሙዚቃ መጻፉን አቆመ። የሞተው በ1954 ነው።

በማስታወሻው ውስጥ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ፤ አይቭስን ለማወቅ ከማንኛውም የሙዚቃ ትንታኔ ይልቅ ይህ ይበቃል። ጆን ቤል የሚባል ግንበኛ ነበረ። ሰውየው በድንኳን ጉባኤ ላይ ሲዘምር ድምፁ ከዜማው ውጭ እየሄደ፣ እየጮኸ፣ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያስቸግር ነበር። አንድ ወጣት ለጆርጅ አይቭስ፣ ይህ ሽማግሌ እንዲህ ሲያንባርቅ እንዴት ዝም ብለህ ትሰማለህ አለው። ጆርጅም ፊቱን ተመልከት፣ በእሱ ውስጥ የዘመናት ሙዚቃ አለ፤ ድምፁን ብቻ ካዳመጥክ ሙዚቃው ያመልጥሃል የሚል መልስ ሰጠ። ልጁ ቻርልስ ይህን ሰምቶ አልረሳውም። የሰማውን ደግሞ ሳያቃና ወደ ኖታ አመጣው።

ሳያቃና የምለው በምክንያት ነው። ሌሎች የሙዚቃ ደራስያንም የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ወስደው ሠርተዋል፤ ነገር ግን አጥበው፣ አስተካክለው፣ ለአዳራሽ የሚመጥን አድርገው ነው። አይቭስ የጻፈው ምእመናኑ እንደዘመሩት ነው። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ዜማውን ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ኦርጋኑ ደግሞ በራሱ መንገድ ይሄዳል። በቫዮሊን ሶናታዎቹ ውስጥ ቫዮሊኑና ፒያኖው ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፤ አንድ መዝሙር ይዘው ለየብቻ ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሰማው ሰው ተሳሳቱ ይላል። እኔ መጀመሪያ ስሰማው የተሰማኝ የእሑድ ጠዋት ነው። እናቴ ስትዘምር ከመዘምራኑ ሁልጊዜ ትቀድም ነበር፤ እኛ ገና ስንኙን ሳንጨርስ እሷ አዝማቹ ላይ ደርሳ እጇን ታነሣለች። እዚያ የምንዘምራቸው መዝሙሮች ብዙዎቹ ሚስዮናውያን ያመጧቸው፣ አማርኛ ቃል የተሰጣቸው የውጭ ዜማዎች ነበሩ፤ ስለዚህ የአይቭስ ፒያኖ ውስጥ ተሰባብረው የሚያልፉትን ቁርጥራጮች ሳልፈልግ እለያቸዋለሁ። አይቭስ እኛን አያውቀንም። የሚያውቃቸው የኮኔቲከት ገበሬዎችን ነው። ከልቡ የሚዘምር ሰው ከመዘምራኑ ሲቀድም ምን እንደሚመስል ግን ያውቃል።

አሁን ወደ አንዱ መዝሙር ልግባ፤ ክርክሬ የሚቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ።

ሮበርት ላውሪ የብሩክሊን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበር። በ1864፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 22 ላይ ከእግዚአብሔር ዙፋን ስለሚወጣው የሕይወት ውኃ ወንዝ አንድ መዝሙር ጻፈ። ስንኙ የሚጀምረው በጥያቄ ነው፤ በዚያ ወንዝ ዳር የምንሰበሰብ መሆናችንን ይጠይቃል። አዝማቹ ጊዜ ሳይሰጥ ይመልሳል፤ አዎን ይላል። በአሜሪካ ይህ የቀብር መዝሙር ነው፤ የጥምቀትም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ዜማውን ያውቀዋል።

አይቭስ ይህን ዜማ በአራተኛው የቫዮሊን ሶናታ መጨረሻ ክፍል ላይ ተጠቀመበት። ሶናታው የልጆች ቀን በድንኳን ጉባኤ የሚል ስም አለው። በአይቭስ ልጅነት የዳንበሪ አካባቢ ገበሬዎች በበጋ ከነቤተሰባቸው ሜዳ ላይ ይሰበሰቡና ቀኑን በስብከትና በመዝሙር ያሳልፉ ነበር፤ አባቱም ዝማሬውን በኮርኔት ይመራ ነበር። ሁለተኛው ክፍል እኔም በሰንበት ትምህርት ቤት የዘመርኩት፣ ኢየሱስ ይወደኛል የሚለው የልጆች መዝሙር ላይ የተመሠረተ ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ የወንዙ መዝሙር ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ሙሉ ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ የምንሰማው ፍርስራሹን ነው። ፒያኖው የአዝማቹን አንድ ጫፍ ያነሣና ይጥለዋል፤ ቫዮሊኑ ሌላውን ጫፍ በሌላ ቁልፍ ይሞክራል፤ አኮርዶቹ ዜማውን አያውቁትም። አድማጩ አንድ የሚያውቀው ነገር እዚያ ውስጥ እንዳለ ይጠረጥራል፤ ምን እንደሆነ ግን አይዝም። ሙሉው ዜማ የሚገለጠው ወደ መጨረሻው ነው። ሌሎች ደራስያን ዜማውን አስቀድመው አሰምተው ከዚያ ይተነትኑታል። አይቭስ ትንተናውን አስቀድሞ ዜማውን በኋላ ይሰጣል። ለእኔ ለራሴ እምነት እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ፤ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ብዙ ቆይቼ።

ከዚያ አይቭስ ይህንኑ ክፍል ለድምፅና ለፒያኖ አድርጎ ዘፈን አወጣለት፤ በ114ቱ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ የሠራው ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ዘፋኙ የላውሪን ጥያቄ ይጠይቃል። አዝማቹ አዎን ብሎ ይመልሳል፤ ፒያኖው ከሥሩ በማይስማሙ አኮርዶች እየሄደ እንኳ ድምፁ አዎን ማለቱን አይተውም። እዚህ ላይ መዝሙሩ አለቀ፤ ላውሪ የጻፈው ይህንኑ ነው። አይቭስ ግን አይጨርስም። ከአዎንታው በኋላ ጥያቄውን እንደገና ያመጣዋል። ዘፋኙ እንደገና ይጠይቃል፤ ዜማው ቤቱ ሳይገባ፣ ፒያኖውም ሳያሳርፈው፣ እዚያው ያቆማል።

አንድ ባሪቶን ይህን ሲዘፍን የሰማሁት በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት አዝማቹ ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ሕዝቡ ግማሹ እንደዚያው ነበር፤ ዜማው የልጅነታቸው ነው። መጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ የሴትየዋ ከንፈር ቆመ። የሚያውቁት መዝሙር እዚያ ላይ ሌላ ቃል የለውም። ባሪቶኑ አፉን ዘጋ፣ ፒያኖ ተጫዋቿ እጇን አነሣች፤ ማጨብጨብ እንዳለብን የሚነግረን ግን የለም። አንድ ሁለት ሰው ጀምሮ ተወ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረው፣ አለቀ እንዴ አሉኝ። አላወቅኩም አልኳቸው።

ይህን ለአንድ የማከብራቸው መጋቢ ነገርኳቸው። አልተደሰቱም።

«መዝሙር ምስክርነት ነው ወንድሜ» አሉኝ። «ምስክር ደግሞ ያየውን ይናገራል እንጂ ዳኛውን አይጠይቅም። አዎን ካለ በኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያውኑ አላመነም።»

«ጌታ ሕዝቅኤልን አጥንቱ ወደሞላበት ሸለቆ ወስዶ፣ እነዚህ አጥንቶች በሕይወት ይኖራሉ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ምን ብሎ መለሰ?» አልኳቸው።

ያውቁታል። ነቢዩ አዎን አላለም፤ አይደለም አላለም። አንተ ታውቃለህ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ነው አጥንት ወደ አጥንት የቀረበው። ከሰው ሁሉ ይልቅ ትንሣኤን በዓይኑ ያየው ነቢይ፣ ከማየቱ በፊት በአፉ ያለው ይህ ብቻ ነው። ትንቢተ ዮናስም የሚያበቃው እግዚአብሔር በሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም። መጋቢው እነዚህን ሰምተው፣ የነቢይ መልስና የኢንሹራንስ ነጋዴ ጥያቄ አንድ አይደለም አሉ። እውነት አላቸው። ግን ደግሞ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሙታን ነው፤ ስለ ሙታን የሚናገር ሰው ነጋዴ ሆነ ነቢይ ልዩነት ያለው አይመስለኝም።

አይቭስ ትክክለኛ አማኝ ነበር ብዬ መከራከር አልፈልግም። ጸሐፊዎቹን ኤመርሰንንና ቶሮን የሚወድ፣ መለኮት በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው፤ የኔ ቤተ ክርስቲያን በዚህ አትስማማውም፤ እኔም አልስማማውም። ሚስቱ ሃርመኒ ግን የሃርትፎርዱ ሰባኪ የጆሴፍ ትዊቸል ልጅ ነች። በ1908 በተጋቡበት በጋ ሁለቱ በስቶክብሪጅ በሁሳቶኒክ ወንዝ ዳር ሲሄዱ፣ ጭጋጉ ሳይገለጥ፣ ከወንዙ ማዶ ካለ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይሰማ ነበር። ይህንን ቀን ለኦርኬስትራ ጻፈው፤ ኋላም ለድምፅና ለፒያኖ አደረገው። በዚያው በ1908 ያልተመለሰው ጥያቄ የሚባለውን አጭር ሥራ ጻፈ፤ ቀስት መሣሪያዎቹ ከሩቅ፣ በዝግታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ይጫወታሉ፤ አንድ ትራምፔት ጥያቄውን ያነሣል፤ ፍሉቶቹ ይመልሳሉ። ትራምፔቱ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ያነሣል፤ ፍሉቶቹ በየመልሱ ይናደዳሉ፣ ይጣደፋሉ፣ በመጨረሻ ትራምፔቱን መቀለጃ ያደርጉታል። ሰባተኛው ጥያቄ ሲመጣ መላሾቹ ሄደዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ትራምፔቱ ድምፁን አለመጨመሩ ነው። መልስ ሲያጣ አይጮህም፤ የጠየቀውን ያውቃል።

የዚህ ሁሉ ምንጭ አባቱ ይመስለኛል። መታሰቢያ የሚል በጣም አጭር ዘፈን አለው፤ ለመዘፈን አንድ ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። በጨለመ ሐይቅ ላይ ከሩቅ የሚመጣ የቀንድ ድምፅ አለ፤ ድምፁ የአባቱ ነው። ሌላ ነገር የለውም። አባቱ በዜማው ሕያው ነው አይልም። የሚለው ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ ነው፤ ርቀቱን አላጠፋውም። ጆርጅ አይቭስ ያስተማረውን ጆሮ ይዞ የተጻፈውን ሙዚቃ ጆርጅ አይቭስ አልሰማውም፤ ልጁ ይህንን የሚያካክስ ምንም ሐሳብ አላመጣም። የወንዙን ጥያቄ ከአዎንታው በኋላ መልሶ ያመጣው እንዲህ ያለ ሰው ነው። አባቴን አገኘው ይሆን ማለቱ ነው፤ እኔ እንዲህ ነው የምሰማው።

በመታሰቢያ ኮንሰርቶች ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ሌላ ዘፈን አለ፤ ስለ ሙት መታሰቢያ ከተጻፉት ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። የሳልቬሽን አርሚ መሥራች ዊሊያም ቡዝ በ1912 ሞተ። ገጣሚው ቬቸል ሊንዚ ቡዝ ከበሮውን እየመታ ወደ ሰማይ ሲገባ የሚያሳይ ግጥም ጻፈ፤ አይቭስ በ1914 ዜማ ሰጠው። ፒያኖው የሚጀምረው በታችኛው ጫፍ ላይ በተጨናነቁ ድምፆች ነው፤ የባንድ ትልቅ ከበሮ መሆኑ ነው። አይቭስ ልጅ ሳለ የአባቱን ባንድ ከበሮ በፒያኖ ላይ እየመታ ይለማመድ ነበር፤ እነዚያ እጆች ናቸው። ከቡዝ ኋላ የሚሰለፉት ለምጻሞች፣ ሰካራሞች፣ በሱስ ያለቁ፣ ከመንገድ የተነሡ ድሆች ናቸው። በየመካከሉ በበጉ ደም ታጥበሃል ወይ የሚለው የመዝሙር ጥያቄ ይመላለሳል። እዚህም ጥያቄ ነው። ከዚያ ኢየሱስ ከፍርድ ቤቱ በር ይወጣና እጁን በድሆቹ ላይ ይዘረጋል፤ ሙዚቃው በድንገት ይረግባል። በሕይወቱ መጨረሻ ዓይኑ ጠፍቶ የነበረው ቡዝ አያየውም፤ ሰልፉን ይዞ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት አንካሳው ይቀናል፣ የደረቀው እጅ ይዘረጋል፣ የዕውሩ ዓይን ይበራል።

መታሰቢያው ለቡዝ ነው አይደል? ስለ ቡዝ ስም የተባለ ግን የለም። ስሙ ከመቃብር በላይ ዋለ አልተባለም፤ የመሠረተው ድርጅት በስንት አገር እንዳለ አልተቆጠረም። የተነገረው እሱ የወደዳቸው ሰዎች መዳናቸው ነው፤ አካላቸው፣ ዓይናቸው፣ እጃቸው። ይህ ነው ከስም ይልቅ የምፈልገው። እናቴ በመጨረሻ ጊዜዋ እጇ አይታዘዛትም ነበር፤ መዝሙር ላይ የምታነሣው እጅ ማለቴ ነው። ስሟ ቢዘመር እጇ አይነሣም።

ሕያው ነው የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የምጠላበት ሌላ ምክንያት ዕዳ የምትሰርዝ መሆኗ ነው። ሰውየው በጭብጨባችን ውስጥ ካለ ምንም አልጠፋም፤ ምንም ካልጠፋ የሚከፈል የለም። የአይቭስ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ኮንኮርድ የተባለውን ታላቅ የፒያኖ ሶናታ አሳትሞ ከሰጠ በኋላ፣ ጆን ከርክፓትሪክ ሙሉውን በኒውዮርክ ታውን ሆል እስኪጫወተው ድረስ 1939 ደረሰ። ሦስተኛው ሲምፎኒ የድንኳን ጉባኤ፣ ሉ ሃሪሰን በ1946 እስኪመራው ድረስ ከተጻፈ ዐሥርተ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ፑሊትዘር ተሸለመበት። ሁለተኛውን ሲምፎኒ ሊዮናርድ በርንስታይንና ኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ በ1951 ሲጫወቱት ከተጻፈ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ነበር። ሃርመኒ አዳራሹ ሄደች፤ እሱ አልሄደም፤ ቆይቶ በሬዲዮ ሰማው። ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድሜ ጥቂት ነበር።

ይህ በደል ነው። የሠራው ማንም አንድ ሰው አይደለም፤ ግን በደል ነው፤ እሱንም ልንክሰው አንችልም። ታዲያ ምን ይደረግ? አይቭስ ራሱ ያደረገውን አያለሁ። የፑሊትዘሩን ገንዘብ ለራሱ አላስቀረም፤ ግማሹን ሲምፎኒውን ለመራው ለሃሪሰን ሰጠው። ጤናው ደክሞ መጻፍ ካቆመ በኋላ ሄንሪ ካወል የወጣቶችን አዲስ ሙዚቃ የሚያሳትምበትን መጽሔት በገንዘቡ ደገፈ፤ ለራሱ ያልተደረገለትን ማለት ነው። ሃርመኒ ደግሞ ከሙዚቃው የሚገኘውን የባለመብትነት ገቢ ለአሜሪካ የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ አወረሰች፤ ከ1970 ጀምሮ በዚያ ገንዘብ ለወጣት የሙዚቃ ደራስያን ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ለሙታን ያለብን ዕዳ ለሙታን አይከፈልም፤ አድራሻቸው የለንም። ለሕያዋን ነው የሚከፈለው።

ስለዚህ ኮንሰርቶቹ ይቅሩ አልልም። እኔ ራሴ እሄዳለሁ፣ ወደፊትም እሄዳለሁ። የምለው ሌላ ነው። ቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ጃኪውና ፒያኒስቱ ጄረሚ ዴንክ አራቱን ሶናታዎች ሲያቀርቡ፣ ሃድሰን ሻድ የተባለው የዘማሪዎች ቡድን አይቭስ የተጠቀመባቸውን መዝሙሮች በመካከል እንዲዘምር አድርገዋል። ይህ ትክክል ነው። አንድ እርምጃ ይጨመርበት፤ ሕዝቡ ይዘምር። ጉሮሮው የተዘጋውም፣ ቀድሞ የሚሮጠውም፣ እንደ ጆን ቤል የሚያንባርቀውም ተነሥቶ የላውሪን መዝሙር እስከ አዎንታው ድረስ ይዘምር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ባሉት ሰዎች መካከል ቤተሰቡን ያልቀበረ አይገኝም። ከዚያ ባሪቶኑ ይነሣና የአይቭስን ይዝፈን፤ ጥያቄው ሲመለስ አዳራሹ ለምን እንደሚጠየቅ ያውቃል።

ተናጋሪው ደግሞ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይተዋት። ሰውየው ሞቷል ይበል፤ በ1954 ሞቷል፤ እኛ ዘግይተን መጣን ይበል። የመግቢያው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ይናገር፤ ሙዚቃው እስካሁን በመሳቢያ ውስጥ ላለ፣ የሚሰማው ሰው ላጣ ለአንድ በሕይወት ላለ ደራሲ ይሂድ፤ የዚያ ሰው ሥራም አይቭስን ተከትሎ በዚያው ማታ ይሰማ፤ ደራሲው ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በገዛ ጆሮው እየሰማ።